ማጋነንም ልክ አለው

በካርቱን አሠራር የተገጣጠመ ታንክ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው መድፉን አይደለም። ቱሬቱ፣ ያ የሚዞረው ራስ፣ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ነው። እውነተኛው ታንክ ላይ ይህ መስመር ብዙም ዓይን አይስብም፤ ቱሬቱ ከአካሉ ስለሚያንስ መስመሩ በሰፊው ብረት መካከል ተሰውሮ ይቀራል። በካርቱኑ ግን ራሱ ሰፍቶ ከትከሻው ወጥቷል፣ አካሉ አጥሯል፣ መድፉ ወፍሯል። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በአንዲት ቀጭን ጥላ ላይ ነው። ሠሪው ጥላዋን ካሰፋት ራሱ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ከደፈናት ደግሞ ራስና አካል አንድ እብጠት ሆነው ይቀራሉ። በእኔ ሚዛን ልክ የሆነው ስፋት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ዙሪያውንም እኩል መሆን አለበት። ይህቺን መስመር ያስተካከለ ሰው ሌላውንም እንደሚያስተካክል አምናለሁ።

የታንክ ሞዴል ሥራ በልኬት የሚተዳደር ሙያ ነው። አብዛኛው ሠሪ የሚያውቀው 1/35ን ነው፤ በእውነተኛው ታንክ ላይ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር ጠረጴዛ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር የተገኘው ግን ከሒሳብ ቀመር አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ በ1961 እ.ኤ.አ. በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ባትሪዎቹ የሚገቡበት ስፋት ያስፈልገው ነበር። ያ ስፋት ወደ ልኬት ሲመነዘር ወደ 1/35 ተጠጋ፤ ተለመደና የሙያው ዋና ሕግ ሆነ። ዛሬ ስለ አንዲት ቡሎን አቀማመጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ ሰዎች የቆሙበት መሠረት የባትሪ ስፋት ነው። ይህን የማነሳው ልኬትን ለማቃለል አይደለም። ልኬት ሁልጊዜም የሰው ውሳኔ እንደነበረ ለማሳየት ነው፤ የካርቱን ሠሪም የሚወስነው ይህንኑ ነው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ መወሰኑ ነው ልዩነቱ።

ጃፓናውያን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፕላንን ከእንቁላል ቅርጽ ጋር አዋሕደው ሠርተዋል፤ የሃሴጋዋ ኩባንያ የእንቁላል አውሮፕላኖች እስከ ዛሬ ይገጣጠማሉ። የድራጎን ቦል ደራሲ አኪራ ቶሪያማ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም የተለየው፣ ራሱ ሞዴል ገጣጣሚ ነበር፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳንድ ላንድ ውኃ በጠፋበት በረሃ ውስጥ አንዲት አጭር ወፍራም ታንክ የምትጓዝበት ታሪክ ነው። የቻይናው ሜንግ ደግሞ ወርልድ ዋር ቱንስ በተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ስም ታይገሩን፣ ሸርማኑን፣ ኬቪ-2ንና ፓንተሩን አሳጥሮና አወፍሮ፣ ያለ ሙጫ እርስ በርስ ተጋጥመው እንዲሠሩ አድርጎ አወጣቸው። ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጣጥሞ ይጨርሳቸዋል። እኔ የምወደው ሥራ የሚጀምረው ልጁ ከጨረሰበት ነው።

ምን ይቆይ፣ ምን ይሂድ የሚለው ውሳኔ የሠሪውን ዓይን ያሳያል። እውነተኛው ታይገር በእያንዳንዱ ጎኑ ስምንት ዘንግ አለው፤ ጎማዎቹም አንዱ የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ተደራርበው ተሰክተዋል። በካርቱኑ ስምንቱ አይገቡም። አራት ቢሆኑ ታይገርነቱ አይጠፋም፤ መደራረባቸው ከቀረ ግን የፈለገውን ያህል ጎማ ቢደረደርለት ታይገር አይሆንም። ሸርማን የሚታወቀው ጎማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተንጠለጠሉበት ማቀፊያ ነው፤ ከሦስቱ ጥንዶች አንዱ ሊሄድ ይችላል፣ የማቀፊያው ቅርጽ ግን መነካት የለበትም። ኬቪ-2 ገና ከፋብሪካ ሲወጣም የተጋነነ ነበር፤ 152 ሚሊ ሜትር መድፍ እንዲሸከም የቆመለት ሣጥን መሰል ቱሬት የታንኩን ከፍታ ከ3 ሜትር በላይ አድርሶታል። እንዲህ ያለውን ወደ ካርቱን ማምጣት ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ሠሪው የሚጨምርበት ቦታ ስለሚያጣ ዝም ብሎ ያሳብጠዋል። ኬቪ-2ን አሳምሮ የሠራ ሰው ቱሬቱን አይነካውም፤ ታችኛውን አካል አሳጥሮ ቱሬቱ ራሱ እንዲገዝፍ ይተወዋል።

ይህ ብልሃት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ያለውንም ሆነ በየሰዉ ሳሎን የተሰቀለውን የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙሪያቸው ካለው ሠራዊት ይገዝፋሉ፤ ፊት ከሰውነት አንጻር ይተልቃል፤ ዓይንም ከፊት አንጻር። ወዳጅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ጠላት ከጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። ሠዓሊው እንዲህ ያደረገው የሰው ቁመት ስንት ራስ እንደሚሆን አጥቶት አይደለም። ከመቶዎች መካከል ማን ማን እንደሆነ ተመልካቹ ከሩቅ እንዲለይለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም የሚሳለው በጧፍና በጭላንጭል ብርሃን ለሚያይ ምእመን ነው፤ ዓይን ካልሰፋ አይታይም። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ታንክም ከክንድ ርቀት ስትታይ ዋና ነገሯ ካልሰፋ ሁሉ ነገሯ ይጠፋል። ስለዚህ የካርቱን ሞዴልን የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ኢትዮጵያዊ ስሰማ ይገርመኛል፤ የገዛ አባቶቹ ሥዕል በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ መድፉ። የፕላስቲክ መድፍ ከሁለት የፎርማ ግማሾች ስለሚወጣ በርዝመቱ ሁለት ስፌት ይቀርበታል። በቀጭን መድፍ ላይ ስፌቱን በምላጭ ፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። የካርቱን መድፍ ግን ወፍራም ነው፤ ብርሃን በላዩ ላይ እንደ ሰፊ መስመር ተዘርግቶ ይታያል፤ ስፌቱን ስትፍቁ የተፈጠረች ጥቂት ጠፍጣፋ ቦታ ያንን መስመር ትሰብረዋለች። ጎበዝ ሠሪ በርዝመቱ አይፍቅም። የብርጭቆ ወረቀቱን ቀጭን ጥብጣብ አድርጎ ቆርጦ በመድፉ ዙሪያ ይጠመጥምና ግራና ቀኝ እየሳበ ያሽከረክረዋል። ቀጥሎ አፈሙዙ አለ። ቀዳዳው ከመሐል ትንሽ እንኳ ከሸሸ የከንፈሩ ውፍረት በአንድ ወገን ይከብዳል፤ በዚህ መጠን ላይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስሕተት እሱ ነው። በመርፌ ጫፍ መሐሉን ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በቀጭን መሰርሰሪያ መጀመር፣ ከዚያ እየወፈሩ መሄድ ነው። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የሚሠራ ሰው ቸኩሏል፤ ፕላስቲኩ ይሞቅና ይቀልጣል። በጣት ማሽከርከር ይሻላል።

እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ከካርቱም ማዶ፣ በባሕሪ ነው፤ ባሕሪ ደግሞ ለቀለም ሥራ የማትመች ከተማ ናት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ በኤርብራሽ የሚረጨው የውኃ ቀለም ከአፍንጫው ሳይወጣ ጫፉ ላይ ይደርቃል፤ ከወጣም አየር ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ያርፋል። ላዩ ሻካራ ይሆናል። መፍትሔው ቀለሙን እንደ ወተት እስኪቀጥን ማቅጠን፣ መድረቂያ ጊዜውን የሚያራዝም ጠብታ መጨመርና ፀሐይ ሳትወጣ መርጨት ነው። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ መስኮትና በር መዝጋት አይበቃም፤ እርጥብ ቀለም ያለበት ነገር ሁሉ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ከማዕበሉ በኋላ ግን ያው አቧራ ዋጋ አለው። በሳዕድ ጊሽራ ገበያ ይሸጥ በነበረው ስስ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ከየትኛውም የፋብሪካ ዱቄት የረቀቀ ይሆናል፤ በታንኩ ሰንሰለትና ጭቃ መከላከያ ላይ በብሩሽ ሲቀመጥ የዓባይ ዳር አፈር እውነተኛ ቀለም ይወጣል፤ ወደ ቀይ ሳይሄድ ቢጫነትና ግራጫነት የተቀላቀለበት። ዱቄቱ በዝቶ ሁሉን ከሸፈነ ግን የሠሪው ሥራ ሁሉ ከሥሩ ይቀበራል፤ በካርቱን ሞዴል ላይ አቧራ የሚቀመጠው ታንኩ መሬት በሚነካበት አካባቢ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው።

ስለ ሪቬት፣ ብረት ከብረት ስለሚያያይዘው ችንካር፣ የማውቀውንም ያስተማረኝ ባሕሪን ከካርቱም የሚያገናኘው የጥቁር ዓባይ ድልድይ ነው። ከ1907 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. በተሠራው በዚህ የብረት ድልድይ ላይ በእግር ሲታለፍ ሪቬቶቹ ከፊት ይደረደራሉ። ራሳቸው ፍጹም ክብ አይደለም፤ በመዶሻ የተመታው ሁሉ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ይጋደማል። ሁለት ብረት በሚጋጠምበት ቦታ ይጠጋጋሉ፣ ከመጋጠሚያው ሲርቁ ይራራቃሉ። ዝገቱ የሚጀምረው ከሪቬቱ ራስ ላይ አይደለም፤ ከሥሩ፣ ውኃ ከሚያቁርበት፣ ነው። ይህን ያየ ሰው በሞዴሉ ላይ ሪቬት ሲያስቀምጥ እኩል አይደረድርም። ሪቬቱን ለመሥራት የእንጨት ሙጫ በመርፌ ጫፍ ጠብ ጠብ ማድረግ ይቻላል፤ ሲደርቅ ይሟሽሽና ዝቅ ያለ ጉብታ ይተዋል። የካርቱን ሥራ ሌላ ሕግ ይጨምራል፤ ሪቬቱ ይተልቃል፣ ቁጥሩ ይቀንሳል። ሃያ የነበረው ሰባት ይሆናል። ግን ከሰባቱ አራቱ መጋጠሚያው አጠገብ መጠጋት አለባቸው፤ አለበለዚያ ብረት መያያዛቸው ቀርቶ ጌጥ ይሆናሉ።

ከሱዳን ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያና ኤርትራ የገቡ ታንኮች ለዚህ አሠራር የተመቹ ናቸው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ገላባትንና መተማን ሲያጠቃ ስድስት ክሩዘርና ስድስት ቀላል ታንኮች ይዞ ነበር፤ ብዙዎቹ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው ተሰብሮ ቆሙ። ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. አቆርዳት ላይ ደግሞ በፖርት ሱዳን በኩል የመጡት ማቲልዳዎች የጣሊያኑን ኤም 11/39 ታንኮች ሰባበሩ። ማቲልዳ 78 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት የለበሰች፣ ዝግተኛ ታንክ ናት። ጎኗን የሚሸፍነው ሰፊ ብረት ላይ ጭቃ የሚፈስባቸው አምስት ተዳፋት መውረጃዎች አሉ። የካርቱኑን ማቲልዳ የሚሠራ ሰው አምስቱን ወደ ሦስት ዝቅ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ተዳፋታቸው ግን መጠበቅ አለበት፤ የጭቃው ቀለምም ከመውረጃው ሥር ብቻ እንጂ ጎኑን ሁሉ ማልበስ የለበትም።

የማቲልዳ ቀለም ግን ሌላ ፈተና ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ታንኮቻቸውን በሦስት ቀለማት፣ በሰያፍ ቀጥተኛ መስመሮች ይቀቡ ነበር፤ ዓላማው የታንኩን ቅርጽ ለዓይን መሰባበር ነበር። መሠረቱ ቀላል የድንጋይ ቀለም ነው። በግብፅ ሌሎቹ ሁለቱ ግራጫዎች ሲሆኑ፣ ለሱዳን በወጣው ትእዛዝ አንደኛው ግራጫ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ቀላል ቡናማ ይተካ ነበር። ያ ቡናማ ባለበት ሞዴል ፊት ስቆም ሠሪው ሥራውን እንደሚያውቅ እረዳለሁ። አሁን እነዚህን ቀጥተኛ መስመሮች በተጠማዘዘና በወፈረ አካል ላይ አስቀምጧቸው። ሰፊ ቴፕ በኩርባው ላይ ሲለጠፍ ይጨማደዳል፤ መስመሩም ይጎብጣል። ቴፑን ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ስፋት ሸንሽኖ ጠርዙን ብቻ በእሱ መለጠፍና የቀረውን በሌላ መሸፈን ነው መንገዱ። ያም ሆኖ በተጠማዘዘ ላይ በእርግጥ ቀጥ ያለ መስመር ከጎን ሲያዩት ጎባጣ ይመስላል። ስለዚህ ሠሪው ሞዴሉ በዋናነት ከየት እንደሚታይ መርጦ፣ ከዚያ ማዕዘን ብቻ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ሆን ብሎ ያጎብጠዋል። ለእኔ የዚህ ሙያ ከፍተኛው ደረጃ እዚህ ነው፤ ተመልካቹ ምንም አያስተውልም፣ ዓይኑ ግን ያርፋል።

ከታንኩ ይልቅ እኔን የሚያመራምረኝ ቱሬት ያለው ምሽግ ነው። ታንክ ሲያረጅ ወይም ሲማረክ ራሱ ተነቅሎ ኮንክሪት ላይ ይሰካ ነበር። በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ሬኖ ኤፍቲ ቱሬቱ ከላይ ሙሉ ክብ እንዲዞር ሆኖ የተሠራ ታንክ ነው፤ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ጀርመኖች የእነዚህን ራሶች ነቅለው በአትላንቲክ ዳርቻ ክብ አፍ ባላቸው ትንንሽ የኮንክሪት ጉድጓዶች ላይ ገጠሟቸው። ለእነዚህ ጉድጓዶች የሰጧቸው ስም ከሊቢያዋ ከተማ ከቶብሩክ የተወሰደ ነው፤ ጣሊያኖች እዚያ የሠሯቸውን ምሽጎች ስላዩ። የፓንተር ቱሬት ምሽግ ግን ለዚሁ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነበር። ከመሬት በታች ባለ ሁለት ፎቅ የብረት ሣጥን ይቀበራል፤ በላይኛው ጥይትና የቱሬቱ መዞሪያ፣ በታችኛው የወታደሮቹ አልጋና ምድጃ አለ። ቱሬቱ በእጅ ይዞራል። የመድፍ ጥይት ከላይ ስለሚወርድበት ጣሪያው ከታንኩ ይልቅ እንዲወፍር ተደረገ። በግንቦት 1944 እ.ኤ.አ. በጣሊያን የሊሪ ሸለቆ ለሚያጠቁት ካናዳውያንና እንግሊዞች ብዙ መከራ ያመጣባቸው ይህ ነው፤ ከመሬት በላይ የሚታየው ራሱ ብቻ ስለሆነ ቀርበው ካልሆነ አያዩትም ነበር።

የዚህ ምሽግ የካርቱን ሞዴል ደስ የሚለው አካል ስለሌለው ነው። ታንክ ላይ ራሱን ብታጋንኑ ከአካሉ ጋር ማስታረቅ አለባችሁ፤ ምሽጉ ላይ ከራስ ሌላ ያለው መሬት ነው። የእውነተኛው መድፍ 5.25 ሜትር ይረዝማል፤ ከመሬቱም ብዙ አይርቅም። በካርቱኑ መድፉ ሲያጥርና ሲወፍር አፈሙዙ አፈሩን ይነካል። ጀማሪ ቱሬቱን ከፍ አድርጎ ይገላገላል፤ ያን ጊዜ ምሽግነቱ ያበቃል፣ ቆብ የደፋ ምሰሶ ይሆናል። አዋቂው መሬቱን ነው ዝቅ የሚያደርገው። መድፉ በሚዞርበት ዙሪያ አፈሩን በዝግታ ያጎደጉዳል፤ ሲታይ የተኮሰ መድፍ ነፋስ የጠረገው መስሎ ይታያል፤ በእርግጥም እውነተኛው መድፍ ሲተኮስ ፊት ለፊቱ ያለውን አቧራና ሣር ይጠርጋል።

ኮንክሪት ያለው ምሽግ ከሆነ ኮንክሪቱ ከጀሶ ይሠራል። ፎርማው የክብሪት እንጨት ወይም የአይስክሬም ማንኪያ ተደርድሮ ይሆናል፤ ጀሶው ሲደርቅ የጣውላው አሻራ ላዩ ላይ ይቀራል፣ እውነተኛው ኮንክሪት ላይ እንደሚቀረው ሁሉ። በካርቱን አሠራር ጣውላው ጥቂትና ሰፊ መሆን አለበት፤ የእንጨቱም መስመር በሽቦ ብሩሽ ቀድሞ ይቦረሽና ይጠልቃል። በባሕሪ ሙቀት ጀሶ ሌላ ጠባይ አለው። አየሩ ውኃውን ቶሎ ስለሚመጠው ላዩ ሳይጠነክር ይደርቅና በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና ማሳደር ነው ያለው መፍትሔ። በማግስቱ ጠርዙን በቢላ ጫፍ ጥቂት ቦታ መስበር ይቻላል፤ ሦስት ቦታ ይበቃል፣ ማዕዘኑ ላይና ሰው ሲወጣ እግሩን በሚያሳርፍበት። ብዙ ሠሪዎች የጥይት ቀዳዳ ማብዛት ይወዳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ኮንክሪቱ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ዓይን ይረሳዋል፤ የምሽግ ሞዴል ደግሞ የሚቆመው በውፍረቱ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ባሕሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የውጊያ ሜዳ ሆነች። እውነተኛ ታንክ በሰፈር መንገድ አለፈ፤ ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ያ ሁሉ ሰው ቤቱን ጥሎ በወጣበት ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ታንክ ማወፈር ምን ትርጉም አለው የሚል ጥያቄ በልቤ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም መሣሪያዎቼን አልነካሁም። መልስ ብዬ የያዝኩት አንድ አቋም ነው። የካርቱን ሞዴል ላይ ጉዳት መሥራት የለብንም፤ የተቃጠለ ቱሬት፣ ከክዳን የተንጠለጠለ ሰው፣ የደም ቀለም። በ1/35 እውነተኛውን መጠን ይዞ የጦርነትን ዋጋ የሚያሳይ ሠሪ አከብረዋለሁ፤ ያ የታሪክ ምስክርነት ነው። የተጋነነው ቅርጽ ግን ፈገግታ ይዞ ይመጣል፤ ያ ፈገግታ በሞተ ሰው ላይ ማረፍ የለበትም። ስለዚህ የምሠራው ታንክ ቆሞ የሚጠገን፣ የሚታጠብ፣ ነዳጅ የሚሞላ ነው። ሰንሰለት መቀየር ብቻ እንኳ ስንት የሚታይ ነገር አለው፤ መዶሻው፣ ብረት ዘንጉ፣ የተዘረጋው ሰንሰለት፣ የተነሣው መከለያ።

አንድ ታንክ ግን ከዚህ አቋም ጋር እያጋጨኝ ይመለሳል፤ ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ይዘውብን የመጡት ኤል 3። ርዝመቱ 3.2 ሜትር፣ ከፍታው 1.3 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 3.2 ቶን ያህል ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጨናንቀው ይቀመጡበታል። ቱሬት የለውም፤ መትረየሱ ከፊት ተሰክቶ በጠባብ ማዕዘን ብቻ ይዞራል። ላሜራው በሪቬትና በቡሎን የተያያዘ፣ ብዙው ጠፍጣፋና ማዕዘናም ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ሽሬ አካባቢ ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር እነዚህን ታንኮች የያዘውን የጣሊያን ኃይል ሲገጥም ተዋጊዎቹ የተረዱት ነገር ይህንኑ ነበር፤ መትረየሱ ወደማይዞርበት፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ዞሩ፤ ከላዩ ወጡበት።

የካርቱን ሠሪ እዚህ ላይ ይቸገራል። ራስ የሌለውን ምኑን ያገዝፋል? መትረየሱን ማግዘፍ ሐሰት ነው፤ የዚህ ታንክ ድካም እሱ ራሱ ነው። ብዙ አስቤበት የደረስኩበት፣ ማስፋት የሚገባው የፊት መከለያውን ነው የሚል ነው፤ ነጂውና ተኳሹ የሚያዩባትን ጠባብ የብርሃን ስንጥቅ ሳይጨምር። መከለያው ሲሰፋ ስንጥቁ ይበልጥ ጠብቦ ይታያል፤ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያህል እንደማያይ ተመልካቹ ይረዳል። ሪቬቶቹ ተልቀው ጥቂት ይሆናሉ፣ የጥቁር ዓባይ ድልድዩ ባስተማረኝ አደራደር። ከሁሉ በላይ ጊዜ መውሰድ ያለበት ግን ጀርባው ነው። አብዛኛው ሠሪ ከፊት ለሚያይ ይሠራል፤ ጀርባውን አንድ ዙር ቀለም ቀብቶ ያልፈዋል። ደምበጊና ላይ የነበሩት ሰዎች ይህን ታንክ ያዩት ከኋላ ነው። የሞተሩ አየር መውጫ ወንፊቶች፣ የክዳኑ ማጠፊያዎች፣ የጭስ ማውጫው ዝገት፣ እጅ የሚይዝበት ማንኛውም ጠርዝ በሙሉ ጥንቃቄ መሠራት አለበት። ታንኩም አይቃጠልም፤ ሰውም አይሞትበትም። አጠገቡ አንድ ተዋጊ ይቆማል፣ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ፣ በሁለት ሰፋፊ ዓይኖች።

ተዋጊውን ከሬዚን መቅረጽ የጀመርኩት ከፊቱ ነው፤ ራሱ ከሰውነቱ አንድ ሦስተኛ ይሆናል፣ ጋሻው ደግሞ ከደረቱ ይሰፋል። ቁመቱን ግን አላጋነንኩትም፤ በእውነቱም ከታንኩ ይረዝም ነበር። የጎራዴው ስለት መወፈር አለበት፤ በዚህ መጠን ቀጭን ሬዚን ከፎርማው ሲወጣ ይሰበራልና ውስጡ የናስ ሽቦ አስገብቼ አፈሰዋለሁ።